ጭሱ ለምን ወደ ቤት ይመለሳል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉ የጭስ ማውጫ ጉዳይ ናቸው። አብዛኞቹ ጠያቂዎች «ምን ያህል ላስረዝመው?» ብለው ይጀምራሉ። ማስረዘም የሚፈታው ችግር አለ፤ የማይፈታውም አለ። ሁለቱን ሳይለዩ ጡብ መደርደር ግን ገንዘብ ማባከን ነው። የምንሰጣቸው ልኮች በአብዛኛው በሰሜን አሜሪካ የመኖሪያ ቤት ግንባታ ደንቦች የተቀመጡ ዝቅተኛ ልኮች ሲሆኑ፣ ወደ ሜትር ስንቀይራቸው አጠጋግተናቸዋል። የአካባቢዎ ደንብ ከዚህ የጠበቀ ከሆነ እሱን ይያዙ።

ጥያቄ፦ ሳሎናችን ውስጥ በጡብ የተሠራ የእሳት ምድጃ አለ። ነፋስ በሌለበት ቀን ጥሩ ይነዳል፤ ነፋስ ሲነሳ ግን ጭሱ ተመልሶ ቤቱን ይሞላዋል። ጭስ ማውጫው ከጣራው በላይ 1 ሜትር ወጥቷል። ግንበኛው «90 ሳንቲሜትር ይበቃል» ብሎን ነበር። ምን ጎደለ?

መልስ፦ ግንበኛው የነገረዎት የደንቡን ግማሽ ነው። ጭስ ማውጫ ጣራውን በስቶ ከወጣበት ቦታ ቢያንስ 90 ሳንቲሜትር ከፍ ማለት አለበት። የሚለካውም ጣራው ወደ አናቱ ከሚወጣበት ጎን ነው እንጂ ከታችኛው ጎን አይደለም። ሁለተኛው ግማሽ ደግሞ ይህ ነው፦ አፉ አግድም 3 ሜትር ርቀት ውስጥ ካለው ከየትኛውም የሕንፃው ክፍል ቢያንስ 60 ሳንቲሜትር መብለጥ አለበት። ከሁለቱ ልኮች የሚሠራው ትልቁ ነው።

ምክንያቱ የጻፉልን ነፋስ ራሱ ነው። ነፋስ ጣራውን ሲመታ በሚመታው ጎን አየሩ ይታመቃል፤ አናቱን ከተሻገረ በኋላ ደግሞ እየተጠቀለለ ቁልቁል ይወርዳል። የጭስ ማውጫው አፍ እዚያ መሀል ካለ ጭሱ ወደ ታች ይገፋል። ከዚያ በላይ ወጥቶ ነፋሱ ሳይታወክ በሚነፍስበት ቦታ ከደረሰ ግን ያው ነፋስ ጭሱን እየሳበ ያወጣዋል።

ቁጥሩን እናስላው። ጣራዎ 30 ዲግሪ ቢያጋድልና ጭስ ማውጫው ከጣራው አናት 2 ሜትር ቢርቅ፣ አናቱ ጭስ ማውጫው ከወጣበት ቦታ 1.15 ሜትር ያህል ይበልጣል። 60 ሳንቲሜትር ሲጨመርበት 1.75 ሜትር ይሆናል። የእርስዎ 1 ሜትር እዚህ ላይ 75 ሳንቲሜትር ይጎድለዋል ማለት ነው። ጭስ ማውጫው ከአናቱ ከ3 ሜትር በላይ ቢርቅስ? ብዙ ሰው «እንግዲያው ነፃ ነኝ» ይላል። ነፃ አይደለም፤ 3 ሜትር ሽቅብ ሲሄዱ የሚያገኙት የጣራው ገጽ ራሱ ከፍ ብሏልና። በ30 ዲግሪ ጣራ ላይ ያ ነጥብ በ1.73 ሜትር ይበልጣል፤ ስለዚህ ጭስ ማውጫው 2.33 ሜትር መውጣት አለበት። 15 ዲግሪ ብቻ በሚያጋድል ጣራ ላይ ደግሞ 1.40 ሜትር ይበቃል።

ስሌት የማይወድ ሰው በአንድ ቀጥ ያለ የ3 ሜትር እንጨት ሊጨርሰው ይችላል። የእንጨቱን አንድ ጫፍ ከጭስ ማውጫው ጎን አስጠግተው ሌላውን ወደ ጣራው አናት ያዙሩ፤ ውሃ ልክ ላዩ ላይ አስቀምጠው አግድም እንደሆነ ቀስ እያሉ ወደ ላይ ያንሱት። ምንም ሳይነካ ማለፍ በጀመረበት ከፍታ ጭስ ማውጫው ላይ ምልክት ያድርጉ። ከምልክቱ በላይ 60 ሳንቲሜትር ሲቆጥሩ የአፉን ዝቅተኛ ከፍታ ያገኛሉ። እንጨቱ ከጭስ ማውጫው አፍ በላይ ከሄደ፣ አሁን ያለው ግንብ አጭር ለመሆኑ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ጭስ ማውጫው በጣም ከረዘመ የራሱ መዘዝ አለው። ከጣራ በላይ ከ1.5 ሜትር በላይ የሚወጣ የብረት ጭስ ማውጫ በብረት ዘንግ ከጣራው ጋር መደገፍ አለበት። ድጋፉ ወራጁ ላይ ይታሰር እንጂ ቆርቆሮው ላይ ብቻ አይቸንከር፤ ያለዚያ በነፋስ በተወዛወዘ ቁጥር ቀዳዳው ይሰፋና ዝናብ ያስገባል።

ጥያቄ፦ የእኛ ምድጃ ነፋስ ኖረም አልኖረም ያጨሳል። ጭሱ ከአፉ ላይኛ ጠርዝ ሥር እየሾለከ ይወጣል። አፉ 80 በ70 ሳንቲሜትር ነው፤ ውስጡ ያለው የሸክላ ቱቦ 20 በ20። ጭስ ማውጫውን 1 ሜትር አስረዝመን ለውጥ አላየንም።

መልስ፦ ጭስ ማውጫዎ አጭር ስለሆነ ሳይሆን ጠባብ ስለሆነ ነው። የምድጃው አፍ 5,600 ካሬ ሳንቲሜትር ነው። ለካሬ ቱቦ የውስጡ ስፋት የምድጃውን አፍ አንድ አስረኛ መሆን አለበት፤ ማለትም 560። የእርስዎ 400 ብቻ ነው። (ክብ ቱቦ ጭስን በተሻለ ስለሚያሳልፍ አንድ አሥራ ሁለተኛ ይበቃዋል፤ አንዱ ጎኑ የሌላውን ጎን እጥፍና ከዚያ በላይ የሆነ አራት ማዕዘን ቱቦ ግን አንድ ስምንተኛ ይፈልጋል።) ተጨማሪው 1 ሜትር ለውጥ ያላመጣውም ለዚህ ነው። ሌላው ሁሉ እኩል ቢሆን የጭሱ ፍሰት የሚጨምረው በከፍታው ልክ ሳይሆን በከፍታው ካሬ ሥር ልክ ነው። ከፍታውን እጥፍ ቢያደርጉት እንኳ ፍሰቱ በ40 በመቶ ገደማ ቢጨምር ነው፤ ቱቦው ሲረዝም የሚመጣው መቀዝቀዝና ግጭት ከዚያም ላይ ይቀንሳል።

ቱቦውን ማስፋት ግንቡን ማፍረስ ስለሆነ የምድጃውን አፍ ማሳነስ ይቀላል። 400 ካሬ ሳንቲሜትር ያለው ቱቦ 4,000 ካሬ ሳንቲሜትር አፍ ይችላል፤ በ80 ሳንቲሜትር ወርድ ሲካፈል ቁመቱ 50 ይሆናል። ምንም ነገር ከማስገንባትዎ በፊት ይሞክሩት። ከምድጃው ወርድ ትንሽ የሚበልጥ፣ 25 ሳንቲሜትር ያህል ቁመት ያለው ላሜራ ያዘጋጁ። እሳቱን አንድደው ጭሱ መውጣት ሲጀምር ላሜራውን በአፉ ላይኛ ጠርዝ ፊት ይያዙትና፣ ወፍራም የቆዳ ጓንት አድርገው፣ ሁለት ሁለት ሳንቲሜትር እያሉ ያውርዱት። ጭሱ የሚቆምበት ቦታ ይኖራል። እዚያ ላይ በጠመኔ ምልክት ያድርጉ። በ15 ወይም በ20 ሳንቲሜትር ከቆመ ሁለት ምርጫ አለዎት፦ ያንኑ ያህል ቋሚ የብረት ከለላ ከላይ ማሰር፣ አለዚያም ወለሉን በእሳት ቻይ ጡብ ከፍ ማድረግ። በጠፍጣፋው የተነጠፉ ሁለት ረድፍ ጡቦች ብቻቸውን 13 ሳንቲሜትር ገደማ ያነሱታል። እኛ የምንመርጠው ወለሉን ማንሳቱን ነው፤ ከፊት የሚታይ ላሜራ ቶሎ ይጠቁራል።

ላሜራው ምንም ካልለወጠ ግን ወደ ላይ ይመልከቱ። ዳምፐሩ (የጭሱን መንገድ የሚከፍተውና የሚዘጋው የብረት ክዳን) ሙሉ በሙሉ ይከፈታል? ከአፉ ላይኛ ጠርዝ ቢያንስ 20 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ ነው የተቀመጠው? ልክ ጠርዙ ላይ የተገጠመ ዳምፐር ጭሱ ተሰብስቦ አቅጣጫ የሚይዝበትን ቦታ ይነፍገዋል።

ጥያቄ፦ አንድ ግንብ ውስጥ ሁለት ጭስ መውጫዎች አሉ፤ አንዱ ከምድር ቤት፣ ሌላው ከላይኛው ፎቅ ምድጃ የሚመጣ። የታችኛው ሲነድ የጭስ ሽታው በላይኛው ምድጃ በኩል ይገባል። በመካከላቸው ያለው ርቀት አንሶ ይሆን?

መልስ፦ ሁለት ነገር ነው መመርመር ያለበት፤ መካከላቸው ያለው ግድግዳ እና የአፎቻቸው ከፍታ። ሁለት የተለያዩ ምድጃዎችን የሚያገለግሉ ቱቦዎች መካከል ቢያንስ 10 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው፣ ከውጭው ግንብ ጋር የተሳሰረ የጡብ ግድግዳ ሊኖር ይገባል። ሁለት የሸክላ ቱቦዎችን ጎን ለጎን አጣብቆ ማቆም የሚፈቀደው ሁለቱም አንድ ምድጃ ሲያገለግሉ ብቻ ነው። ያኔም መጋጠሚያዎቻቸው በ10 ሳንቲሜትር መዛነፍ አለባቸው፤ እኩል ከፍታ ላይ የተገጣጠሙ እንደሆነ አንዱ ሲሰነጠቅ ጭሱ በቀጥታ ወደ ሌላው ይሻገራል።

በእርስዎ ሁኔታ ግን ጭሱ የሚሻገረው ከላይ፣ ከአፉ ላይ ይመስለናል። ሁለቱ አፎች እኩል ከፍታ ላይ ከሆኑ ከአንዱ የወጣው ጭስ ገና ሳይበተን ሌላው ይውጠዋል። ያልነደደው ቱቦ ቀዝቃዛ ስለሆነ አየሩ ከባድ ነው፤ ቁልቁል ይወርዳል። የታችኛው እሳት ደግሞ ለራሱ የሚበቃ አየር ሲያጣ ያንን ቱቦ እንደ አየር ማስገቢያ ይጠቀምበታል። ስለዚህ አንዱን አፍ ከሌላው ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር ያስበልጡት፤ ብዙ ጊዜ የሚነደው ይርዘም። በማይነደው ቱቦ አናት ላይ ጥብቅ ብሎ የሚዘጋ ክዳን ያስገጥሙ፤ ከምድጃው በላይ ባለው ጠባብ ጉሮሮ ላይ የተገጠመው የብረት ዳምፐር አየርን ሙሉ በሙሉ አያግድም። እሳቱን ሲያነድዱም በዚያው ክፍል መስኮት ሁለት ጣት ያህል ይክፈቱለት። ሽታው በዚህ ከጠፋ ግድግዳውን ማፍረስ አያስፈልግም፤ ካልጠፋ ግን ቱቦው ውስጥ ካሜራ የሚያስገባ ባለሙያ ይጥሩ።

ጥያቄ፦ ቤቱን የሚያሞቀው የጋዝ ፈርነሳችንና የውሃ ማሞቂያው በአንድ 20 በ20 የጡብ ጭስ ማውጫ ይወጣሉ። የእንጨት ምድጃም እዚያው ላይ መጨመር እንፈልጋለን። ይቻላል?

መልስ፦ የእንጨቱን አይጨምሩ። እንጨት ወይም ከሰል የሚነድበት ምድጃ የራሱ ቱቦ ይኑረው። ጥቀርሻው ሲከማች የጋዙን መውጫ ያጠባል፤ በጋዙ መገጣጠሚያ በኩል የሚገባው ቀዝቃዛ አየርም የእንጨቱን ጭስ አቀዝቅዞ ጥቀርሻውን ያበዛዋል። ቱቦው ከተደፈነ ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ቤት ይመለሳል፤ ይህ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም።

ሁለቱ የጋዝ መሣሪያዎች አንድ ቱቦ መጋራት ይችላሉ፤ ልኩ ግን መታየት አለበት። የታችኛው ወሰን የትልቁ መሣሪያ መውጫ ስፋት ከነሙሉው፣ የትንሹ ደግሞ ግማሹ ተደምሮ ነው። የላይኛው ወሰን የትንሹ መውጫ ስፋት ሰባት እጥፍ ነው። ፈርነሱ ባለ 12.5 ሳንቲሜትር፣ የውሃ ማሞቂያው ባለ 7.5 ሳንቲሜትር መውጫ አላቸው ብንል፣ ስፋታቸው 123 እና 44 ካሬ ሳንቲሜትር ነው። ትንሹ ወሰን 145፣ ትልቁ 308 ይሆናል። የእርስዎ ግንብ 400 ስለሆነ ከላይኛው ወሰን አልፏል፤ ለጋዝ ከመጠን በላይ ሰፊ ነው። ባለ 15 ሳንቲሜትር የማይዝግ ብረት ቱቦ ውስጡ ቢወርድለት (177 ካሬ ሳንቲሜትር) ልክ ይሆናል። ከሁለቱ የማገናኛ ቱቦዎች ትንሹ ከትልቁ በላይ ይግባ፤ ፊት ለፊት አይጋጠሙ።

ስለ ስፋት መብዛት ሰዎች ግድ አይሰጣቸውም፤ ሊሰጣቸው ይገባል። በተለይ ፈርነሱ ተቀይሮ ጭሱን በፕላስቲክ ቱቦ በጎን የሚያወጣ አዲስ ዓይነት ሲገባ፣ የውሃ ማሞቂያው ያን ሁሉ ግንብ ብቻውን ይወርሳል። ትንሹ እሳት ትልቁን ግንብ ማሞቅ ስለማይችል የጭሱ እንፋሎት ግድግዳው ላይ ውሃ ይሆናል። ውሃው አሲድነት ስላለው ማያያዣውን ይበላዋል። ምልክቱ ጡቡ ላይ የሚወጣ ነጭ ጨው፣ ከታች የሚጠራቀም አሸዋ መሰል ፍርፋሪ፣ አልፎ አልፎም የኮርኒስ እርጥበት ነው። ጣራው ያፈሰሰ መስሏቸው ቆርቆሮ የሚቀይሩ አሉ።

ጥያቄ፦ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ላይ ቤት እየሠራሁ ነው። የጭስ ማውጫው ከፍታ ይለወጣል?

መልስ፦ ይለወጣል፤ ግን ቁመቱን ብቻ አያስቡ። በዚያ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠለል ላይ ካለው 20 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ያንኑ እሳት ለማንደድ ብዙ አየር በቱቦው ማለፍ አለበት። በቁመት ብቻ ለማካካስ ከተሞከረ 5 ሜትር የነበረው 8 ሜትር ሊሆን ነው። በስፋት ከሆነ ግን 27 በመቶ ያህል መጨመር ይበቃል፤ ባለ 15 ሳንቲሜትር ክብ ቱቦ 17 ሳንቲሜትር ሆነ ማለት ነው። ለጡብ ምድጃ እንግዲህ ቱቦውን አንድ መጠን ከፍ ያድርጉት። ለፋብሪካ ምድጃ ግን የቱቦውን ልክ በራስዎ አይለውጡ፤ አምራቹ ለከፍታ ቦታ የሰጠውን ሠንጠረዥ ይከተሉ። የጋዝ መሣሪያ ከሆነ የጋዙ ቀዳዳ ራሱ መቀነስ አለበት፤ የቆየው ልማዳዊ ስሌት ከ600 ሜትር በላይ ላለ ቦታ፣ ከባሕር ጠለል ጀምሮ ለየ300 ሜትሩ የመሣሪያውን የሙቀት ኃይል 4 በመቶ መቀነስ ነው።

ጥያቄ፦ የብረት እንጨት ምድጃችን ቱቦ በግድግዳ ወጥቶ በውጭ በኩል ሽቅብ ይሄዳል። በየመጋጠሚያው ጥቁር ፈሳሽ ይንጠባጠባል፤ ግድግዳውን አበላሸው። ሲሊኮን ብንቀባውም ተመልሶ ፈሰሰ።

መልስ፦ ሲሊኮኑን ይተዉት፤ ሙቀቱን አይችልም። የሚንጠባጠበው ክሪዮሶት ነው። የእንጨት ጭስ ከ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱና ሙጫው ቱቦው ላይ ይረጋሉ። በውጭ የቆመ ነጠላ ላሜራ ቱቦ ከላይ እስከ ታች በብርድ ስለተከበበ ጭሱን ከማስወጣት ይልቅ ያቀዘቅዘዋል። የውጭውን ክፍል በሙሉ መካከሉ የሙቀት መከላከያ ባለው ድርብ ቱቦ ይቀይሩት።

አንድ መጋጠሚያ ፈትተው ይመልከቱ። የተሸበሸበው ጠባብ ጫፍ ወደ ላይ ነው የሚያመለክተው ወይስ ወደ ምድጃው? ብዙ ሠራተኛ ጭሱ እንዳይሾልክ ብሎ ወደ ላይ ያደርገዋል። ትክክሉ ተቃራኒው ነው፤ ጠባቡ ጫፍ ወደ ምድጃው ይመልከት። እንዲያ ሲሆን ከላይ የሚወርደው ፈሳሽ በቱቦው ውስጥ ተንሸራትቶ እሳቱ ውስጥ ይገባና ይቃጠላል። ጭስ ይሾልካል የሚለው ስጋት መሠረት የለውም፤ ቱቦው በሚገባ እየሳበ ከሆነ ውስጡ ያለው ግፊት ከክፍሉ ያነሰ ስለሆነ በስንጥቁ የሚያልፈው ከውጭ ወደ ውስጥ የሚሳብ አየር ነው። እያንዳንዱ መጋጠሚያ በሦስት ቪቴ ይያዝ፤ አግድም የሚሄደው ክፍል በየሜትሩ 2 ሳንቲሜትር ወደ ጭስ ማውጫው ሽቅብ ያዘንብል፤ ኤልቦም (የቱቦ ማጠፊያ) ይቀንሱ።

እንጨቱም ይጠየቅ። እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች ካልሆነ የትኛውም ቱቦ ያለቅሳል። ጥቀርሻው 3 ሚሊሜትር ሲደርስ ይጠረግ፤ ከዚያ ካለፈ አንድ ቀን ራሱ ቱቦው ውስጥ ይነዳል።

ጥያቄ፦ ጭስ ማውጫው ከጣራው እንጨት ምን ያህል ይራቅ?

መልስ፦ የጡብ ጭስ ማውጫ በቤቱ ውስጥ ካለፈ 5 ሳንቲሜትር፣ ሙሉ በሙሉ ከውጭ ከቆመ 2.5 ሳንቲሜትር። ከምድጃው ጀርባ 10 ሳንቲሜትር። የእንጨት ምድጃ ነጠላ ላሜራ ቱቦ 46 ሳንቲሜትር። ክፍተቱ ባዶ ይሁን፤ ሱፍም ሆነ የሲሚንቶ ሞርታር አይሞላበት፤ የተሞላ ነገር ሙቀቱን ወደ እንጨቱ ያደርሳል። በየወለሉ ላይ ብቻ በላሜራ ይዘጋ። ለዓመታት ቀስ በቀስ የሞቀ እንጨት ከአዲስ እንጨት ባነሰ ሙቀት ይቀጣጠላል፤ «እስካሁን ምንም አልሆነም» የሚለው መከራከሪያ እዚህ አይሠራም።

ጥያቄ፦ አናቱ ላይ የወፍ መከላከያ ወንፊት ያለው ቆብ ከገጠምን ወዲህ ምድጃው ይታፈናል።

መልስ፦ ወንፊቱ ጠቦ ይሆናል፤ የወባ ወንፊት የሚገጥሙም አሉ፤ በአንድ ሳምንት ጥቀርሻ ይደፍነዋል። ቀዳዳው ከ9.5 ሚሊሜትር አይነስ፤ ከ13 ሚሊሜትር አይብለጥ። የወንፊቱ ክፍት ቦታ ሲደመር የቱቦውን ውስጣዊ ስፋት አራት እጥፍ መሆን አለበት።

ጥያቄ፦ የማብሰያ ቤቱ አየር ማውጫ ሲከፈት ከውሃ ማሞቂያው ሥር ሞቅ ያለ አየር ይወጣል። ጭስ ማውጫው አጭር ሆኖ ነው?

መልስ፦ መሣሪያውን አሁኑኑ ያጥፉና ከዚያ ይመርምሩ። አየር ማውጫው ከቤቱ የሚያስወጣው አየር በሌላ በኩል መተካት አለበት፤ በሩና መስኮቱ ጥብቅ ከሆነ በጭስ ማውጫው ቁልቁል ይገባል። 5 ሜትር ቁመት ያለው፣ ውስጡ 50 ዲግሪ፣ ውጩ 20 ዲግሪ የሆነ ቱቦ የሚስበው በ5.5 ፓስካል (የግፊት መለኪያ) ያህል ነው። ይህ በጣም ትንሽ ግፊት ነው፤ አንድ ጠንካራ የማብሰያ ቤት አየር ማውጫ በቀላሉ ይገለብጠዋል። 1 ሜትር ቢያስረዝሙት የሚጨምረው 1 ፓስካል ገደማ ነው።

ለማረጋገጥ መስኮቶችን ሁሉ ዝጉ፤ የማብሰያ ቤቱንም የመታጠቢያ ቤቱንም አየር ማውጫ አብሩ። ከዚያ ማሞቂያውን አንድዱና 5 ደቂቃ ጠብቁ። ክብሪት ጭረው እፍ ካሉት በኋላ የሚጨሰውን እንጨት በማሞቂያው አናት ካለው ክፍት የጭስ መቀበያ ጠርዝ ያስጠጉ። ጭሱ ወደ ውስጥ ከተሳበ ደህና ነው። ወደ ፊትዎ ከተመለሰ መስኮት ይክፈቱና ሙከራውን ይድገሙት። በመስኮቱ ከተስተካከለ የሚያስፈልገው ከውጭ አየር የሚያስገባ ቋሚ ቀዳዳ ነው። መስኮቱ ተከፍቶም ከተመለሰ ቱቦው ተደፍኗል ወይም ተሰብሯል ማለት ነው፤ ተጠርጎ እስኪታይ ድረስ አይለኩስ። በሁለቱም ሁኔታ መኝታ ክፍሎቹ አጠገብ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ደወል ይሰቀል።